ሆዱን አይቼ ድምፁን ያልሰማሁት ጊታር

ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ሱቄ በር ላይ ከባጃጅ ወረደች። በአሮጌ ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረዘም ያለ ዕቃ ታቅፋለች፤ አያያዟ ሕፃን የያዘች ትመስላለች። "ሳሮ" ብላ ሰላም አለችኝና ዕቃውን ሳታስቀምጥ፣ "ጋሼ፣ ብርሃኑ የሚባል ራዲዮ ነጋዴ የሚገኘው እዚህ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

በእኔ ሥራ ዕድሜውን የፈጀ ሰው፣ የተጠቀለለ ነገር የያዘ እንግዳ ስሙን ጠርቶ ሲመጣበት "አቤት" አይልም። መጀመሪያ ጥቅሉ ይፈታል።

"ምን ፈልገሽው ነው?" አልኳት።

"የማማክረው ነገር ነበረኝ። ከበዴሳ ነው የመጣሁት። ስሙን የነገረኝ አባቴ ነው።"

ይህን እያለች ብርድ ልብሱን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው። ውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ ጊታር ነበር። ዳር ዳሩ ጥቁር ሆኖ ወደ መሀል ሲገባ እንደበሰለ ማንጎ እየቀላ የሚሄድ ቀለም፤ ፊቱ ላይ ብር የሚመስል የሚያብለጨልጭ ሳህን፤ በሳህኑ ላይ በረድፍ የተሰለፉ አራት ማብሪያ ማጥፊያዎች። ስትገለብጠው ከጀርባው አንገቱን የያዙት አራት ብሎኖች ታዩ። ሦስቱ ነጭ ናቸው፤ አንዱ ቢጫ ነው። ቢጫውን አወቅኩት።

"ብርሃኑ ለምሳ ወጥቷል" አልኳት።

ስልኳን አየች። "በአራት ሰዓት?"

"እሱ ቶሎ ነው የሚርበው።"

ትንሽ አየችኝ። "እንግዲያው ዘመድ ጠይቄ ስምንት ሰዓት ላይ እመለሳለሁ። እስከዚያ ይኼን እዚህ ላቆየው፣ ዝናብ ሊመጣ ነው" አለችና መልሴን ሳትጠብቅ ጊታሩን ትታልኝ ወጣች። ስሜን አልጠየቀችም። ወረቀት አላስፈረመችኝም። ልክ እንደ አባቷ።

ብርሃኑ እኔ ነኝ። ለምሳም አልወጣሁም። ያንን ቢጫ ብሎን ግን የገጠምኩት እኔ ነበርኩ፤ እስክትመለስ ድረስ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ከጊታሩ ጋር ተፋጠጥን።

ነገሩ የሆነው ደርግ ወድቆ መንግሥት በተለወጠ በሦስተኛው ዓመት ገደማ ነው። ያኔ ገና ወጣት ነኝ፤ ሶዶ ገበያ ታችኛው በር አጠገብ ከቆርቆሮ በተሠራች ሱቅ ያገለገለ ራዲዮ፣ ቴፕ፣ ባትሪ፣ ካውያ፣ የተገኘውን ሁሉ እሸጣለሁ፣ እገዛለሁ፣ እለውጣለሁ። በዚያ ዘመን "ጃፓን" ማለት ለእኛ መሐላ ነበር። ሰው ስለ ራዲዮው ሲከራከር እግዜርን ከመጥራቱ በፊት ጃፓንን ይጠራል። እኔም እወድ ነበር። የጃፓን ዕቃ ቁልፉን ስታዞረው ቅቤ ውስጥ እንደገባ ማንኪያ ነው የሚዞረው። ሌላው ይንቋቋል።

ችግሩ መሐላ ባለበት ሁሉ በሐሰት የሚምል አለ። ፊቱ ጃፓን፣ ሆዱ ሌላ የሆነ ዕቃ ገበያውን ሞልቶት ነበር። ሥራ በጀመርኩ በዓመቱ ዲምቱ ገበያ ሄጄ አንድ ቴፕ ገዛሁ። ከባድ ነው፤ ክብደቱ ራሱ "ጃፓን ነኝ" ይላል። ሶዶ አምጥቼ ስከፍተው ሆዱ ውስጥ ለክብደት የተቀመጠ የሸክላ ድስት ስባሪ አገኘሁ። ድስቱ ጥሩ ድስት ሳይሆን አልቀረም፤ ቴፑ ግን አልዘፈነልኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ሕግ አወጣሁ። አንደኛ፣ ሆዱን በካቻቢቴ ሳልከፍት አልገዛም። ሁለተኛ፣ የማላውቀው ሻጭ የሚያውቀውን ሰው ተያዥ ካላመጣልኝ አልገዛም፤ የተሰረቀ ዕቃ ገዝቶ የታሰረ ነጋዴ አይቻለሁና። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት ሱቄ ግድግዳ ላይ ልጽፈው ትንሽ ነበር የቀረኝ። ያልጻፍኩት ገዢዎቹም እንዳያነቡት ብዬ ነው።

በዚያው ሰሞን የቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራን መሪ መምህር ሳሙኤል አንድ ትእዛዝ ሰጥተውኝ ነበር። ቀን ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራሉ፣ ማታ መዘምራን ያሰለጥናሉ፤ በሁለቱም ቦታ ትንሽ ስሕተት አያልፉም። ለመዘምራኑ ኤሌክትሪክ ጊታር እንዲገባ ከሽማግሌዎቹ ጋር ዓመት ሙሉ ተከራክረዋል። ሽማግሌዎቹ ነገሩን የዳንስ ቤት ዕቃ ነው ብለው አልወደዱትም። በመጨረሻ "ከንጹሕ እጅ ከተገኘ ይግባ" ብለው ፈቀዱ። መምህር ሳሙኤል ሱቄ መጥተው፣ "ብርሃኑ፣ ጃፓን ፈልግልኝ። የድሮውን። አዲሶቹ ድምፃቸው ሁሉ አንድ ነው፣ እንደ ተማሪ ኩረጃ" አሉኝ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ሱቄ በር ላይ ረጅም ቀጭን ሰው ቆመ። ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ጫማው የበዴሳን ቀይ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተሸክሟል። ዓይኑ ጥግ ላይ ያቆምኳት የስፌት መኪና ላይ ነበር፤ በእግር የምትረገጥ፣ ከአንድ አገር ከለቀቀ ልብስ ሰፊ የገዛኋት።

"ያቺ መኪና ትሠራለች?" አለ።

"ባትሠራ እዚህ ምን ታደርጋለች?"

"አንተ ዘንድ ያለው ሁሉ ይሠራል ማለት ነው?" አለና ወደ ውስጥ ገብቶ የታቀፈውን ጨርቅ ፈታ። ጊታሩ ወጣ። "በዚህ ልለውጥህ ነው። ባለቤቴ መስፋት ትችላለች፤ መኪና ነው ያጣችው። በሰው መኪና ስትሰፋ ግማሹ የባለመኪናው ነው። ልጅ ደግሞ ሊመጣ ነው።"

መምህር ሳሙኤል የፈለጉት ጊታር በእግሩ ሄዶ ሱቄ ገባ ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እኔ ግን የምፈልገው ነገር ራሱ ሲመጣልኝ መጀመሪያ ከኋላው ማን እንዳለ ነው የማየው።

"ከየት አመጣኸው?" አልኩት።

"የራሴ ነው።"

"የራስህ መሆኑን ማን ያውቃል?"

"እሱ ያውቃል" አለ፣ በአገጩ ወደ ጊታሩ እያሳየኝ። "ሽቦ አገናኝልኝና ራሱ ይንገርህ።"

መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ይህም አላማረኝም። ያለ መብራት ድምፅ የማያወጣ ዕቃ፣ መብራት በጠፋበት ቀን ይዞ መምጣት!

"ስምህን ማን ልበል?"

"ማዳልቾ።"

"ተያዥ አለህ፣ ማዳልቾ?"

"ሶዶ ውስጥ የሚያውቀኝ የለም። ብዙ ዓመት አልነበርኩም።"

"የት ነበርክ?"

"ሰሜን" አለ። በዚያ ጊዜ "ሰሜን" ብሎ አፉን የሚዘጋ ሰው ሁሉ ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ የተበተነው ጦር ወታደር ነው። ብዙዎቹ ወደየቀያቸው ተመልሰው አንገታቸውን ደፍተው ነበር የሚኖሩት። ስለ ትናንት የሚጠይቃቸው ሰው ወዳጅ ይሁን ሌላ አያውቁም። እኔም ስለ እነሱ አላውቅም። ከወታደር ጋር አብሮ የመጣ ዕቃ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የመንግሥት ዕቃ ነው።

"ከሌሊት ጀምሮ በእግሬ ነው የመጣሁት፣ እህል አልቀመስኩም" አለ በመጨረሻ። "ትንሽ ቀምሼ መብራት ሲመጣ እመለሳለሁ። እሱን አደራ።" ጊታሩን መኪናዋ ላይ አስደግፎ ወጣ።

አሁን ሳስበው ይህ የእምነት ሥራ ነበር። ያን ዕለት ግን እንዲህ አልኩ፦ የራሱን ዕቃ ለማያውቀው ነጋዴ ትቶ የሚሄድ ማነው? የራሱ ያልሆነ ሰው ብቻ።

ብቻችንን ቀረን። አንስቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ቀለል ያለ ነው፤ የሸክላ ስባሪ የለበትም። ማብሪያ ማጥፊያዎቹን አንድ በአንድ ሞከርኳቸው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አራቱም አንድ ድምፅ። ጊታር ውስጥ አራት ማብሪያ ማጥፊያ ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም፤ ግን የሆነ ጃፓናዊ ተቀምጦ አስቦበታል። አንገቱ በብዙ ጣት ተሽቶ እንደ መጥረቢያ እጀታ ለስልሷል። ጫፉ ላይ የፋብሪካው ስም የነበረበት ቦታ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ብቻ ቀርቶበታል። ሽታው የድሮ ሣጥን ሽታ ነው። እውነቱን ለመናገር ለመምህር ሳሙኤል መስጠቱን ትቼ ለራሴ ላስቀረው አሰብኩ፤ እኔ እንኳን ጊታር መምታት ፉጨትም አልችል። በወደድኩት ቁጥር ደግሞ ጥርጣሬዬ ጨመረ። ነጋዴ ሲወድ ነው የሚታለለው።

ካቻቢቴውን አነሳሁ። ክሮቹን አላልቼ አራቱን ብሎኖች ስፈታ አንገቱ ከነጭንቅላቱ በእጄ ቀረ። ራዲዮ ሲከፈት እንዲህ አይሆንም፤ ደነገጥኩ። የተገጠመበት ጎድጓዳ ውስጥ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አለ። ከላይ የወፍ እግር የመሰለ ጽሕፈት፤ የጃፓኖቹ ይሆናል። ከሥሩ ደግሞ በእኛው ፊደል፣ በጥሩ እጅ፦ "ሃምሳ አለቃ ግርማ"።

ሰውዬው ማዳልቾ ነኝ ብሎኛል። እንግዲህ ግርማ ማነው? የሞተ ሰው? የተዘረፈ ሰው? ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ፈርቼ ይሁን ትክክል ነበርኩ ብዬ ደስ ብሎኝ አልለየሁትም። እስከ ዛሬም አልለየሁትም።

በሁለት ሱቅ ማዶ ሻይ የሚጠጣ ፖሊስ ነበር። ሄጄ በጆሮው ነገርኩት። "እሰረው አላልኩም፣ ብቻ ጠይቀው" ነው ያልኩት። ስመለስ አንገቱን በጥድፊያ መግጠም ጀመርኩ፤ በጥድፊያው አንዱ ብሎን ወድቆ በወለሉ ጣውላ ስንጥቅ ገባ። ከተበላሸ ራዲዮ ላይ ቢጫ ብሎን ነቅዬ በቦታው አስገባሁ።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ መብራት መጣ። ገበያው ሁሉ "እሰይ" አለ፤ በየሱቁ ያለ ራዲዮ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ማዳልቾ እጁን እያሻሸ፣ ፊቱ በርቶ መጣ። ጊታሩን ገና ከሩቅ ሲያየው ቆመ።

"ክሮቹን አላላሃቸው" አለኝ።

ፖሊሱ ከኋላው ገባ። "ስምህ ማነው?"

"ማዳልቾ።" ከኪሱ የቀበሌ መታወቂያውን አወጣ። በዴሳ፤ ማዳልቾ። ልክ ነው።

"ግርማ የሚባለውስ ማነው?"

ሰውዬው እኔን አየኝ፣ ጊታሩን አየ፣ በሩ ላይ የተሰበሰበውን ሰው አየ። ከዚያ በዝቅተኛ ድምፅ፣ "እኔ ነኝ" አለ።

ሰው ሳቀ። ያሳቀኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ "ቅድም ማዳልቾ፣ አሁን ግርማ! ትንሽ ብንቆይ ጃፓን ነኝ ይለናል!" አልኩ። ገበያ ውስጥ አንዴ ሳቅ ከተነሣ ፍርድ ተሰጠ ማለት ነው። አንዱ "ሌባ!" አለ፤ ሌላው ተቀበለው። ፖሊሱ በአንድ እጁ ሰውዬውን፣ በሌላው ጊታሩን ይዞ ሄደ። ማዳልቾ ሲወጣ አልተሟገተም። አንድ ነገር ብቻ አለኝ፦ "መብራት እኮ መጥቶ ነበር።"

ሦስት ቀን ታሰረ። በማግሥቱ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ፤ ሽማግሌዎቹ መምህር ሳሙኤልን ጠርተው "ይኸው ንጹሕ እጅህ" አሏቸው። የጊታሩ ነገር በዚያው ተዘጋ። መምህር ሳሙኤል ወደ ሱቄ መጥተው ለረጅም ጊዜ የስፌት መኪናዋን ሲያዩ ቆዩና፣ "ሰውዬው ሌባ ለመሆኑ እርግጠኛ ነህ?" አሉኝ።

"ሁለት ስም ነው ያለው" አልኩ።

"እሱን ሰማሁ" አሉ። "ሌላ ነገር ነው የጠየቅኩህ።"

በሦስተኛው ቀን ከጣቢያው ተጠራሁ። ስደርስ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ባሏ መታሰሩን የሰማችው የማዳልቾ ሚስት አስቴር ናት። ዝናቡ መንገዱን ስለቆረጠው መኪና አልነበረም፤ ግማሹን በጋሪ፣ ግማሹን በእግሯ ነው የመጣችው። በፌስታል ከጠቀለለችው ጥቅል ውስጥ ሁለት ነገር አውጥታ ለፖሊሱ ሰጥታዋለች። አንዱ የተበተኑ ወታደሮች ከማቆያ ካምፕ ሲለቀቁ የሚሰጣቸው ወረቀት ነው፤ የማዳልቾ ፎቶ፣ የግርማ ስም። ሌላው የድሮ ፎቶግራፍ ነው፤ የሠራዊቱ የሙዚቃ ጓድ ተሰልፎ፣ ማዳልቾ ከዳር ቆሞ፣ ደረቱ ላይ ያ ጊታር። ጀርባው ላይ የፎቶ ቤቱ ሰው "ግርማ፣ ከግል ጊታሩ ጋር" ብሎ ጽፎበታል። ከደመወዙ ላይ አጠራቅሞ አስመራ ላይ ከአንድ ሽማግሌ ሙዚቀኛ ነበር የገዛው። ከጓዱ ዕቃ ጋር እንዳይደባለቅበት ስሙን ውስጡ ጻፈ። ጦሩ ሲበተን ሌላው መሣሪያውን እየጣለ ሲሄድ እሱ ጊታሩን ተሸክሞ በእግሩ ወደ ደቡብ መጣ።

አስቴር ወደ እኔ ዞረች። አልጮኸችም።

"አንተ ነህ ያስያዝከው? ስምህ ማነው?"

"ብርሃኑ።"

"እናትህስ ማን ብላ ነው የምትጠራህ?"

ፖሊሱ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ከጠረጴዛው ኋላ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "ባሳ ነው የምትለው" አለ። "በየማታው 'ባሳ! ባሳ!' ስትል እኛ ቤት ድረስ ይሰማል።"

ይህን ለማያውቅ አገር ላስረዳ። በእኛ ዘመን ወላይታ ውስጥ አንድ ስም ያለው ሰው ማግኘት ሁለት ስም ያለውን ከማግኘት ይከብዳል። ቤት እናትህ ያወጣችልህ የወላይትኛ ስም አለ፤ ትምህርት ቤት ስትገባ፣ ክርስትና ስትነሣ፣ ወይ ወታደር ስትሆን ደግሞ መዝጋቢው ለአፉ የሚመቸውን ይሰጥሃል። እኔን አንደኛ ክፍል ያስገባኝ መምህር ባሳ ስለው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ "ብርሃኑ" ብሎ ጻፈ። ማዳልቾ ጦር ውስጥ ግርማ ነበር። አገሩ ሲገባ፣ ያ ስም ከወታደር ልብሱ ጋር ቢወልቅለት ስለሚሻለው ወደ እናቱ ስም ተመለሰ። በዴሳ ግርማን የሚያውቅ የለም፤ ጦሩ ማዳልቾን አያውቅም። ይህ የእያንዳንዳችን ቤት ነገር ነው። ራሴ በሁለት ስም እየኖርኩ፣ ሁለት ስም ስላለው ሰው አስያዝኩ።

ማዳልቾ ተፈታ። ጊታሩን ተቀበለ፣ ገለበጠው፣ ቢጫውን ብሎን በአውራ ጣቱ ነካው። ሁለቱም ዝናቡ ውስጥ ወጡ። የስፌት መኪናዋ ሱቄ ቀረች፤ ለሳምንታት ማንም ዋጋዋን ሲጠይቀኝ "ተሸጣለች" እል ነበር።

መስከረም ገባ፣ ጊፋታ ደረሰ። የወላይታ አዲስ ዓመት ነው፤ ወንዶቹ በሬ ለማረድ፣ ሴቶቹ ቅቤ ለማጠራቀም ዓመቱን ሙሉ የሚዘጋጁለት። ገበያው ስለ ሥጋ ብቻ ነበር የሚያወራው። እኔም ዳጣው፣ ያ የሚያቃጥል የቃሪያ ማባያ፣ ሲሸተኝ ምራቄን እየዋጥኩ ቤት ስገባ እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ባሳ፣ የበዴሳውን ሰው ነገር ጨርሰሃል?"

"የምን ነገር?"

"ከሰው ጋር እንደተጣሉ ጊፋታን መሻገር የት ነው ያየኸው? ሳትታረቅ እኔ ቤት ሥጋ አትቆርጥም።"

እናቴ ቀልድ አታውቅም። በማግሥቱ መምህር ሳሙኤልን ለሽምግልና ለምኜ፣ የስፌት መኪናዋን አይሱዙ ላይ ጭኜ ወደ በዴሳ ወረድኩ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ በየጉድጓዱ የስፌት መኪናዋ ከጀርባችን ትንቋቋለች፣ እኔም አብሬያት። ቤቱ በእንሰት የተከበበ ነበር። ማዳልቾ በር ላይ ቆሞ መምህር ሳሙኤል የይቅርታውን ቃል እስኪጨርሱ በትዕግሥት ሰማ። ከዚያ ወደ ስፌት መኪናዋ ሄደ።

"ይህ የማነው?" አለኝ።

"የእኔ። አሁን የእናንተ።"

"ያንተ መሆኑን ማን ያውቃል? ተያዥ አለህ?"

መምህር ሳሙኤል ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው እጃቸውን አወጡ። "እኔ ተያዥ እሆናለሁ።"

"ካቻቢቴ ስጡኝ" አለ ማዳልቾ።

የስፌት መኪናዋን ፈታት። አንድም አላስቀረም። ብሎኑን፣ ጥርሱን፣ ሞላውን እያንዳንዱን በተራ ኮባ ላይ ደረደረ፤ እየተመለከተ፣ ብርሃን ላይ እያነሣ፣ እያሸተተ። እኔ ቆሜ ላቤ ይንጠፈጠፋል። የገዛኋትን ዕቃ ሆዷን በደንብ አይቻለሁ፤ ሆኖም በዚያች ሰዓት እኔው ራሴ ጠረጠርኳት። ጎረቤት ተሰብስቦ በኮባው ዙሪያ ቁጢጥ አለ። አንድ ሽማግሌ በወላይትኛ "ምን ፈልገው ነው?" ሲል ሌላው "ስም" ብሎ መለሰለት፤ ሳቁ እስከ መንገዱ ተሰማ። የእጄን ነው ያገኘሁት።

መልሶ ሲገጥማት አንድ ብሎን አልጎደለም። አስቴርን ጠራት። "ቁጭ በይና ድምፁን አሰሚን። ዕቃ የሚመረመረው በድምፁ ነው።" አስቴር አንድ ጨርቅ አስገብታ ረገጠች። መኪናዋ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ሮጠች። ማዳልቾ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። "ትሠራለች" አለና ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ሰጠኝ።

ጎደሬ ተቀቅሎ በዳጣ ቀረበ፤ በላን። ጊታሩን በልውውጡ ሊሰጠኝ ተነሣ፣ እኔ እምቢ አልኩ። ሳልሰማው ለመውሰድ አፈርኩ። "አንዴ ብቻ ምታልኝ" አልኩት።

"በዴሳ እኛ ሰፈር መብራት የለም" አለ። ፈገግ አለ። "ሆዱን አየህ፤ ድምፁን አልሰማህም። መብራት ሲገባልን ና።"

መብራት ገባ። እኔ አልሄድኩም። በመጀመሪያ ሥራ በዛብኝ አልኩ፣ ቀጥሎ ዝናብ ነው አልኩ፣ ቆይቶ ደግሞ ዘገየሁ፣ ምን ብዬ እሄዳለሁ አልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት፣ የጠረጠረ ምን እንደሚሆን አይናገርም። ለዓመታት ራዲዮ ሲከፈት ድምፁን ሳይሆን ብሎኖቹን ነበር የማየው።

ስምንት ሰዓት ላይ ልጅቷ ተመለሰች። "መጣ?" አለችኝ።

"መጣ" አልኳት። "እኔ ነኝ። ብርሃኑ። እናቴ ባሳ ነበር የምትለኝ፤ አሁን ሱቁም በዚያው ስም ነው። ተቀመጪ፣ ልጄ። አባትሽ እንዴት ነው?"

ባለፈው ዓመት እንዳረፈ ነገረችኝ። ማርታ ትባላለች፤ ያኔ አስቴር ሆድ ውስጥ የነበረችው ናት። የበዴሳ መዘምራን ውስጥ ጊታር ትመታለች። የእነሱም ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ከስንት ዓመት በኋላ ልባቸው ራርቶ ኤሌክትሪክ ጊታር አስገብተዋል።

"አንድ ሰው ከአዲስ አበባ በስልክ እየጠየቀኝ ነው" አለች። "የድሮ ጃፓን ጊታር ይሰበስባል። ፎቶውን አይቶ ካልሸጥሽልኝ እያለ ነው። ያታልለኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ። አባቴ 'ጥርጣሬ ሲያስፈልግሽ ሶዶ ብርሃኑ ዘንድ ሂጂ፣ እንደሱ የሚጠረጥር አልተፈጠረም' ይለኝ ነበር።"

ሳቅኩ፤ የሳቁ መጨረሻ ግን ወደ ሌላ ነገር ሄደብኝ። እጄ እንደ ልማዱ መሳቢያውን ከፍቶ ካቻቢቴውን አወጣ። ማርታ ካቻቢቴውን አየች፣ ከዚያ ቢጫውን ብሎን አየች። መልሼ አስገባሁትና ገመድ አወጣሁ። መብራት ነበር። ከሱቁ ትልቅ ስፒከር ጋር አገናኘሁላት።

"ምቺልኝ" አልኳት።

አንዱን ማብሪያ ቀጭ አድርጋ ጀመረች። ድምፁ አሁን እንደሚሸጡት የጠራ አይደለም። ትንሽ ይሻክራል፣ እንደ ዳጣ ጉሮሮን ቧጥጦ ነው የሚያልፈው፤ ከበስተኋላው ግን ሞቅታ አለው። በሩ ላይ የባጃጅ ሾፌሮች ቆመው ሰሙ። እኔ ከባንኮኒው ኋላ ቆሜ፣ ሠላሳ ዓመት የዘገየ መልስ ሰማሁ። የራሴ ነው ብሎኝ ነበር፤ እሱ ራሱ ይንገርህ ብሎኝ ነበር። ጊታሩ ያን ዕለት ቢጠየቅ ኖሮ ይናገር ነበር።

ስትጨርስ፣ "ሰውዬው ስለ ጊታሩ ምን ጠየቀሽ?" አልኳት።

"ብሎኖቹን ፍቺና የውስጡን ጽሕፈት ፎቶ ላኪልኝ አለ። ደግሞ ስልኩ ላይ ያለው ስምና የነገረኝ ስም አንድ አይደለም።"

"በስሙ አልጠረጥረውም" አልኳት። "ድምፁንስ አሰሚኝ አለሽ?"

ትንሽ አሰበች። "አላለኝም።"

"እንግዲያው በስልክ አትሽጪለት። ራሱ ይምጣ በዪው። መጥቶ ካቻቢቴ ከጠየቀሽ ጊታሩን በብርድ ልብሱ ጠቅልይና ሂጂ። ገመድ ከጠየቀሽ ግን እኔ ተያዥ እሆንለታለሁ።"